ቀለበት ያላሰረ ዓመት

«ምንጭ ዳር የበቀለ ምስክር አይሆንም፤
እግሩ ውሃ የነካ ድርቅን አያምንም።
ወደ ገደሉ ሂዱ፣ ድንጋይ ወደ ነከሰው፤
ዝናብን የሚያውቀው ዝናብ ያነሰው ነው።»

ይህን አለች ትለሊ፣ አትላስ ተራራ ላይ፣
ጠዋት፣ በረዶው ገና ከጥላው ሳይለይ።
ባሱ፣ ደን ጠባቂው፣ ከፊት እየመራን፣
ጭራ አልባ ጦጣዎች ከላይ እየቆጠሩን፣
ቀጥ ያለውን ወጣን።

የአርዝ ዛፉ ብቻውን ቆሟል፤ ግማሹን መብረቅ ልጦት፣
የቀረውን ቅርንጫፍ መጥረቢያ ጨርሶት
(በበረዶ ወራት ለበጎች ሲባል
ይቆረጣል፤ ባሱም «አላየሁም» ይላል)።

መሰርሰሪያውን ደረቴ ትክክል ተክዬ
አዞርሁት፣ አዞርሁት፣ ትከሻዬን ጥዬ፤
እንጨቱ ጮኸብኝ፣ ዘይት እንዳጣ በር።
ስስበው የወጣው ከእርሳስ አይወፍርም ነበር፤
በለስላሳ መጠጫ ቀሰም ውስጥ ከተትሁት፣
አራት መቶ ዓመት ጀርባዬ ላይ አዝዬ ቁልቁለቱን ወረድሁት።

መክነስ፣ ጠረጴዛዬ። ሙጫ። የብርጭቆ ወረቀት፣
መጀመሪያ ሻካራው፣ ኋላ እንደ ሐር የሚሉት።
ነጣ ያለው መስመር ጸደይ፣ ጠቆር ያለው የበጋ ማለቂያ፤
ሰፋ ያለው ጥጋብ፣ ጠበብ ያለው ደግሞ የመንጋ ማለቂያ።
በየአሥሩ ዓመት አንድ የመርፌ ነጥብ፣
በየሃምሳው ሁለት፣ በየመቶው ሦስት፣ ዓይኔ እስኪረጥብ።
እናቴ፣ «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ሲሏት ቶሎ ወሬ ትለውጣለች፤
ደግመው ሲጠይቋት፣
«መንግሥት እንጨት ያስቆጥረዋል» ትላለች።

ከአሥራ ዘጠኙ ዛፎች አሥራ ስምንቱ ተስማሙ።
የገደሉ አርዝ ብቻ አንድ ዓመት ጎደለ፤
ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለ።
ሦስት ቀን ቆጠርሁት። ዓይኔን፣ መርፌዬን፣ ራሴንም አማሁ።
ትለሊ መጥታ አየች፤ «አልተሳሳትህም» ስትል ሰማሁ፤
«ሲብስበት ዛፉ ለግንዱ የሚተርፈው የለም፤
ሳይሞት ይከርማል እንጂ፣ ያን ዓመት ቀለበት አያስርም።»

በሰንጠረዡ ላይ፣ በዚያ ዓመት አንጻር፣ ዜሮ ጻፍሁ፤
ክብ፣ ባዶ፣ ጣት የሌለበት።
ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

በመከር ጊዜ ተመለስን። ያደርነው ባሱ አክስት ዘንድ ነው፤
ኢጆ ትባላለች፤ መታወቂያዋ ላይ ቀን የለ፣ ወር የለ፣
ዓመቱም «ገደማ» ነው።
ለእንግዳ ወግ ያህል ስለ ዜሮው ነገርኋት።
በቆሎ ትፈለፍል ነበር፤ እጇ ቆመ።
«ቁጥሩን ድገመው» አለች። ደገምሁላት።

«እንግዲያ ያ እኔ ነኝ። እናቴ እኔን ስትገላገል
ቤት ውስጥ ገብስ የለም፣ ጡቷ ውስጥ ጠብታ፤
አባቴ ያሰረላትን የብር ቀለበት ፈትታ
ለአንድ ቁና ሰጠች፤ ያውም ከገለባው ጋር ተሰፍሮ።
ዛፉ አላሰረም፣ እሷም የታሰረላትን ፈታች፤ አንድ ኑሮ።
አንተ ይህን ፍለጋ ተራራ ቦረቦርህ፤
ደጄ ቆመህ «ኢጆ!» ብትል ምን ይጎድልህ?»

ትለሊ ደብተሯን ከፍታ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ፣ አልጻፈችም።
እኔም «አንድ ሰው መረጃ አይሆንም» የሚለውን ሕግ አላነሳሁም።

ኢጆ ግን ወደ በቆሎዋ ተመልሳለች።
ጥቂት ቆይታ፣ ቀና ሳትል፣
«ቀዳዳውስ?» ትላለች፣
«የወጋኸው ቦታ?»
«ዛፉ በገዛ ሙጫው ይደፍነዋል» አልሁ።
ራሷን ነቀነቀች፤ መስማማት ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁ።

ባሱ በሩን ከፍቶ ወደ ገደሉ አየ፤
ደመና ነበረ፤ ይዝነብ አይዝነብ ግን አልለየ።